የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ በየዘመናቱ፤ ከባላገር ቋንቋነት እስከ ዓለም ቋንቋነት

እኛ በምሕንድስና ሙያ የተሰማራን ሰዎች እንግሊዝኛን የምናውቀው በሥራ ቋንቋነቱ ነው። የግንባታ ውሉ፣ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ፣ የመሣሪያው መመሪያ፣ የሙያው መጽሔት የሚደርሰን በእርሱ ነው። በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሒሳቡም ሆነ ፊዚክሱ የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ በመሆኑም እንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ የሊቃውንት ቋንቋ ሆኖ የተፈጠረ ያህል ይሰማናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ይህ ቋንቋ በገዛ አገሩ ሦስት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የባላገርና የሎሌ ቋንቋ ተብሎ የተናቀ፣ ሕግ የማይደነገግበት፣ ቅዳሴ የማይቀደስበት፣ ከዚያም በኋላ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ለከፍተኛ ሳይንስ መብቃቱ ያጠራጠረ ቋንቋ ነበር።

የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ነገሩን የጥንቱ ዘመን፣ የመካከለኛው ዘመን፣ የሕዳሴ ዘመን፣ የ18ኛው መቶ ዓመት፣ የሮማንቲክ ዘመን፣ የቪክቶሪያ ዘመን፣ የ20ኛው መቶ ዓመት እያሉ ይከፋፍሉታል። ክፍፍሉ ጠቃሚ ስለሆነ እኔም እከተለዋለሁ። ይሁን እንጂ አንዱን ዘመን ከሌላው የሚለየው የነገሥታቱ መለዋወጥ ብቻ አይመስለኝም። በእኔ አስተያየት፣ በየዘመኑ መግቢያ ላይ የሚታየው አንድ ሰው ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ሊጻፍ አይገባውም ወይም አይችልም የተባለውን ነገር በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

አንግሎችና ሳክሶኖች የተባሉት የጀርመን ነገዶች ወደ ብሪታንያ የገቡት በ5ኛው መቶ ዓመት ነው። ይዘውት የመጡት ግጥም በቃል የሚነገር፣ ቤት የማይመታ፣ ነገር ግን የቃላቱ መነሻ ድምፅ እየተመሳሰለ የሚሄድ ነበር። ከዚህ ዘመን ከቀሩት ሥራዎች ታላቁ «ቤዎልፍ» የተባለው የጀግና ታሪክ ሲሆን ርዝመቱ 3182 ስንኝ ነው። ለትውልድ የደረሰው በአንድ ብራና ብቻ ነው። ያም ብራና በ1731 የተቀመጠበት ቤት በተቃጠለ ጊዜ ጠርዙ ተለብልቦ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ጠርዙ እየተፈረፈረ ብዙ ፊደላት ጠፍተዋል፤ ከጠፉት አንዳንዶቹ ዛሬ የሚታወቁት ቶርኬሊን የተባለ የአይስላንድ ሊቅ በ1787 ባስገለበጠውና ራሱም በገለበጠው ቅጂ ነው። ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ሰነድ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ ለእኛ ሙያ ሰዎች መንገር አያስፈልግም።

የእንግሊዝኛን ዝርው ጽሑፍ በመሠረቱ ያቆመው ግን ባለቅኔ ሳይሆን ንጉሥ ነው። ከ871 እስከ 899 የነገሠው አልፍሬድ ከዴንማርክ ወራሪዎች ጋር ሲዋጋ ኖሮ ጥቂት ዕረፍት ባገኘ ጊዜ የአገሩን ትምህርት ቢመረምር፣ የላቲን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የሚችል ሰው እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኘው። መጻሕፍቱ በየገዳሙ ነበሩ፤ አንባቢያቸው ግን ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ለሰው ሁሉ እጅግ አስፈላጊ የሆኑ መጻሕፍት ሁሉ ሊረዳው ወደሚችል ቋንቋ እንዲተረጎሙ ወሰነ፤ ሊቃውንትንም ሰብስቦ ራሱ ከትርጉም ሥራው ገባ። ይህ በ9ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ያልተለመደ ሐሳብ ነበር።

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም እንግሊዝን ድል አድርጎ በያዘ ጊዜ ይህ ሥራ ተቋረጠ። መሬቱ ለኖርማን መኳንንት ተከፋፈለ፤ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የትምህርቱ ቋንቋ ላቲን ሆነ። እንግሊዝኛ አልጠፋም፤ በእርሻና በጓዳ ቀረ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰዋስው የሚጠብቅለት ሊቅ ስላልነበረው አብዛኛውን የቃላት መጨረሻ እርባታ ጣለ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የፈረንሳይኛ ቃላትንም ተቀበለ። ዛሬ የእንግሊዝኛ ተማሪ ለአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ቃል እያገኘ የሚቸገረው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ለደራስያኑ ግን ያ መናቅ ትልቅ ሀብት ሆኖ ቀረ።

በ1362 ፓርላማው በፍርድ ቤቶች የሚደረገው ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ፤ ምክንያቱም ባለጉዳዮቹ ጠበቆቻቸው የሚሉትን አይሰሙም ነበር። አስገራሚው ነገር ግን ይህ አዋጅ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ መሆኑ ነው። ጂኦፍሪ ቾሰር በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ያህል ወጣት ነበር። ይህ ሰው የእንግሊዝ ግጥም አባት ይባላል እንጂ እንጀራው ግጥም አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ዓመት በለንደን ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ፤ ከ1389 እስከ 1391 ደግሞ የንጉሡ የሕንፃ ሥራዎች ኃላፊ ሆኖ የድንጋይ፣ የእንጨትና የሠራተኛ ሒሳብ ይይዝ ነበር። በዚህም ሥራ ላይ ሳለ በ1390 የመንግሥት ገንዘብ ይዞ ሲጓዝ ወንበዴዎች ዘርፈውታል። «የካንተርበሪ ተረቶች» በተባለው መጽሐፉ ፈረሰኛው፣ ባለ ወፍጮው፣ መነኩሲቱ፣ አናጢው፣ ነጋዴው ሁሉ ወደ አንድ መካነ መቃብር ለመሳለም አብረው ሲጓዙ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አነጋገር ተረት ያወራሉ። ቾሰር እንዲህ ያለውን ሥራ በፈረንሳይኛ ጽፎት ቢሆን ኖሮ ባለ ወፍጮው እንደ ባለ ወፍጮ ሊናገርለት አይችልም ነበር።

ለእኔ ግን ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላው መጽሐፉ ነው። በ1391 ቾሰር ሉዊስ ለተባለ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አስትሮላብ፣ ማለት የከዋክብትንና የፀሐይን ከፍታ ስለሚለካው መሣሪያ፣ አንድ መመሪያ ጻፈ። ልጁ ላቲን ገና ብዙ አያውቅም ነበርና መመሪያው በእንግሊዝኛ ሆነ። በመግቢያው ላይ ቾሰር ለሚተቹት አስቀድሞ መልስ ይሰጣል፤ የዚህ ዕውቀት እውነት ለግሪኮች በግሪክኛ፣ ለዓረቦች በዓረብኛ፣ ለአይሁድ በዕብራይስጥ፣ ለላቲን ሰዎችም በላቲን እንደ በቃቸው ሁሉ ለዚህ ልጅ በእንግሊዝኛ ይበቃዋል ይላል። የላቲን ሰዎች ራሳቸው ዕውቀቱን ያገኙት ከሌሎች ቋንቋዎች ተርጉመው እንደ ነበር ያስታውሳል። አንድን ነገር እየደጋገመ የሚጽፈውም ሕፃን አንድ ጊዜ ሰምቶ ከሚረሳ ሁለት ጊዜ ቢነገረው ስለሚሻል መሆኑን ይገልጻል። ከታቀዱት አምስት ክፍሎች የተፈጸሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የመሣሪያ መመሪያዎች ከቀደሙት አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ በጥራዝ በጥራዝ እየታሸጉ ከየመሣሪያው ጋር የሚመጡልን መመሪያዎች አያታቸው ይኸው ነው።

ዊሊያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን ማተሚያ ባቋቋመ ጊዜ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጸሐፊ አንድ ብራና ሲገለብጥ በአገሩ አነጋገር ሊያስተካክለው ይችላል፤ አታሚ ግን አንዱን ቅርጽ መርጦ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ማውጣት አለበት። ካክስተን በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ እንደሚተርከው፣ ነጋዴዎች ነፋስ አጥተው በኬንት ጠረፍ ሲቆሙ አንደኛው ወደ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ «ኤግስ» ስጪኝ ብሎ ዕንቁላል ጠየቃት። ሴቲቱም ፈረንሳይኛ አላውቅም አለችው። ነጋዴው ፈረንሳይኛ እርሱም አያውቅምና ተቆጣ። ኋላ ሌላ ሰው «ኤይረን» ማለቱ ነው ብሎ ቢነግራት ገባት። ሁለቱም ቃል እንግሊዝኛ ነበር። እንግዲህ የትኛው ይታተም? ካክስተን ይህን ጥያቄ በቲዎሪ አልመለሰውም፤ የለንደንን አነጋገር ይዞ ወደ መቶ የሚጠጉ መጻሕፍት በማተም መለሰው።

የ16ኛው መቶ ዓመት የሕዳሴ ዘመን ሲባል ሁሉም ሰው ሼክስፒርን ያስባል፤ ከእርሱ በፊት ግን ሕይወቱን የከፈለ ሰው አለ። ዊሊያም ቲንዴል ከቤተ ክህነት ፈቃድ ውጭ ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክኛው በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1526 በጀርመን አገር አሳተመ። መጽሐፉ በጨርቅ ጥቅል ውስጥ እየተደበቀ ወደ እንግሊዝ ይገባ ነበር፤ የተገኘው ሁሉ ይቃጠላል። ቲንዴል በ1535 ተይዞ በ1536 በብራሰልስ አጠገብ ታንቆ ሬሳው ተቃጠለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በንጉሡ ፈቃድ መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ ታትሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ተቀመጠ። በ1611 አርባ ሰባት ያህል ሊቃውንት ያዘጋጁት የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም ቢሆን በሐዲስ ኪዳን ክፍሉ አብዛኛው ቃል የቲንዴል ነው። ያለ ስሙ የተወሰደ የአንድ ሰው ሥራ ለብዙ ትውልድ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መለኪያ ሆነ።

ስለ ሼክስፒር ብዙ ስለተጻፈ እኔ ስለ ቲያትር ቤቱ ልናገር። ጄምስ በርቤጅ በ1576 ከለንደን ቅጥር ውጭ በእንጨት ያሠራው ቲያትር ቤት የቆመበት መሬት የኪራይ ውል አልቆ ከባለ መሬቱ ጋር መስማማት ባልተቻለ ጊዜ፣ ተዋንያኑ በታኅሣሥ 1598 ፒተር ስትሪት ከተባለ ዋና አናጢ ጋር መጥተው ሕንፃውን ፈቱት። መሬቱ የባለ መሬቱ፣ እንጨቱ ግን የእነርሱ ነውና ምሰሶውንና አግዳሚውን ከቴምስ ወንዝ ማዶ አሻግረው በ1599 ግሎብ የተባለውን ቲያትር ቤት ገጠሙበት። ሕንፃው የሣር ክዳን ነበረው። በ1613 ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የሚናገረው ተውኔት ሲታይ ለክብር የተተኮሰ መድፍ ሣሩን ለኩሶ ቲያትር ቤቱ ፈጽሞ ነደደ። የሞተ ሰው የለም፤ ሱሪው የተያያዘበት አንድ ሰው ግን በጠላ አጠፋው ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሲሠራ ክዳኑ ሸክላ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ሼክስፒር የጻፈው ለዚህ ቤት ነው። በመሬት ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው የሚከፍለው አንድ ፔኒ ነበርና ንግግሩ ለመስፍኑም ለሎሌውም መድረስ ነበረበት። ተውኔት በዚያን ጊዜ ከከፍተኛ ሥነ ጽሑፍ አይቆጠርም ነበር፤ ሼክስፒርም ሥራዎቹን ሰብስቦ ለማሳተም አልደከመም። በ1616 ከሞተ በኋላ ሁለት ባልደረቦቹ በ1623 ሠላሳ ስድስት ተውኔቶች በአንድ ጥራዝ ባያሳትሙ ኖሮ አሥራ ስምንቱ፣ ከእነርሱም ጋር «ማክቤዝ»፣ ምናልባት ጠፍተው ይቀሩ ነበር። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መልሰውልናል። በተለይ በጸጋዬ ትርጉም አማርኛው ራሱ ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ ያልተሸከመውን ክብደት ሲሸከም ይታያል።

በ1642 ፒዩሪታኖች ቲያትር ቤቶችን ዘጉ፤ እስከ 1660 አልተከፈቱም። በዚያ ሁከት ውስጥ ያለፈው ጆን ሚልተን በላቲን የሚገጥም፣ የመንግሥቱንም የውጭ ደብዳቤ በላቲን የሚጽፍ ሊቅ ነበር። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግን ታላቅ ሥራውን በቃሉ እያስጻፈ በእንግሊዝኛ አወጣው። «የጠፋች ገነት» በ1667 ታተመ፤ ደራሲው በመጀመሪያ የተቀበለው አምስት ፓውንድ ነበር። ገነትን ከምድር ውብ ስፍራዎች ጋር ሲያወዳድር የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን የአማራ ተራራ ያነሣል፤ ስለ አምባ ግሸን የተወራው ወሬ በፖርቱጋሎች በኩል እስከ ለንደን ደርሶ ነበርና።

በዚሁ ዓመት፣ በ1667፣ ቶማስ ስፕራት ስለ ንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ታሪክ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1660 ሲሆን አባላቱን ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የአነጋገር ለዛ መቀነስ ነበር። ማስረዳት ያለባቸው ግልጽ፣ አጭርና ከሒሳብ ቀጥተኛነት ጋር በሚቀራረብ ቋንቋ ነው፤ ከሊቃውንትና ከባለ ቅኔዎች አነጋገር ይልቅ የእጅ ባለሙያውን፣ የባላገሩንና የነጋዴውን አነጋገር እንዲመርጡ ተመከሩ። እኔ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው እላለሁ፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ። ለማስረጃ ያህል አይዛክ ኒውተን የስበትን ሕግ ያስታወቀበትን መጽሐፉን በ1687 በላቲን አሳተመ፤ ስለ ብርሃን የጻፈውን ግን በ1704 ያወጣው በእንግሊዝኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አሥራ ሰባት ዓመት ብቻ ነው። በእኛም አገር የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በግዕዝ ሲጻፍ ኖሮ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ አማርኛ ሆነ። የሙያ ጽሑፋችን ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ፋይል ነው። በግንባታ ቦታ ላይ መሐንዲሱ ለግንበኛውና ለአናጢው በአማርኛ ያስረዳውን ቢሮ ገብቶ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ግንበኛው ያን ወረቀት ሊያነበው አይችልም።

የ18ኛው መቶ ዓመት ልብ ወለድ የተወለደው ከዚያ ከቀጥተኛው ቋንቋ ነው። ዳንኤል ዲፎ ነጋዴ፣ ጋዜጠኛ፣ በቲልበሪ የጡብና የሸክላ ክዳን ፋብሪካ ባለቤት የነበረና የከሠረ ሰው ነው። በ1719 ወደ ስድሳ ዓመቱ ሲጠጋ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን አወጣ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ በደሴቲቱ ላይ የቀረው ሰው ከተሰበረችው መርከብ ያወጣውን መጥረቢያ፣ ባሩድና ብስኩት እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይመዘግባል፤ ዕድሉንና መከራውን እንኳ እንደ ሒሳብ መዝገብ በሁለት ዓምድ ይጽፋል። ልብ ወለዱን እውነት ያስመሰለው ይኸው ነው። ጆናታን ስዊፍት ደግሞ በ1726 በ«ጋሊቨር» ያንኑ አጻጻፍ ይዞ ራሳቸውን ሳይንቲስቶቹን ቀለደባቸው፤ ቤትን ከጣራው ጀምሮ ወደ መሠረቱ ለመገንባት የሚጥር አርኪቴክት ከዚያ ውስጥ አለ።

ሳሙኤል ጆንሰን ወደ ዘጠኝ ዓመት ደክሞ በ1755 መዝገበ ቃላቱን አወጣ፤ ለፈረንሳይኛ አንድ ሙሉ አካዳሚ የሠራውን እርሱ በስድስት ገልባጮች ረዳትነት ፈጸመ። ጆንሰን በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን የአባ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ተርጉሞ በ1735 አሳትሞ ነበርና፣ በ1759 እናቱ በሞተች ጊዜ ለቀብሯ ወጪ እንዲሆነው በአንድ ሳምንት ምሽቶች የጻፈው ታሪክ ባለቤቱ ራሴላስ የተባለ የሐበሻ ልዑል ሆነ። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ከዚያ መጽሐፍ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር የሞከረውን መካኒክ እወዳለሁ፤ ከተራራ ዘሎ ወዲያው ከባሕር ውስጥ ወደቀ፤ በአየር ላይ ያልረዱት ክንፎች ግን በውኃው ላይ አንሳፍፈውት ተረፈ።

ስለ ሮማንቲክ ዘመን አጭር ልሁን። ዎርድስዎርዝና ኮልሪጅ በ1798 ባሳተሙት የግጥም መድበል የባላገሩ ኑሮና አነጋገር ለታላቅ ግጥም ይበቃል አሉ፤ ጥያቄው የቾሰር ዘመን ጥያቄ ነበር፣ ፈረንሳይኛ በሌለበት ተመልሶ መጣ። ባይረን በ1812 በመኳንንት ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው የሽመና መሣሪያ የሰበሩ ሠራተኞች በሞት እንዳይቀጡ ነው። ኪትስ በሃያ አምስት፣ ሼሊ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ሞቱ። ሜሪ ሼሊ በ1818 ያወጣችው «ፍራንከንስታይን» ፈጣሪ ለፈጠረው ነገር ስላለበት ኃላፊነት ነውና ለማንኛውም የቴክኒክ ሰው ሊነበብ የሚገባ ይመስለኛል።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንፋሎት ሁሉንም ለወጠ። ቻርልስ ዲከንስ አባቱ በዕዳ ሲታሰር በአሥራ ሁለት ዓመቱ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ የዋለ ልጅ ነው። ከ1836 ጀምሮ «ፒክዊክ»ን በየወሩ በክፍል በክፍል፣ በአንድ ሺሊንግ ዋጋ ሲያወጣ ሙሉ መጽሐፍ መግዛት ለማይችለው ሕዝብ ልብ ወለድን አደረሰለት። ሴቶችም ወደ ፊት ወጡ፤ ሆኖም የጄን ኦስተን ስም በሕይወቷ ሳለች በመጽሐፎቿ ላይ አልታተመም፤ የብሮንቴ እህትማማቾች በ1847 የወንድ ስም ይዘው ወጡ፤ «ሚድልማርች»ን የጻፈችው ሜሪ አን ኤቫንስም እስከ ዛሬ የምትታወቀው ጆርጅ ኤልየት በሚለው ስም ነው። ከእኛ ሙያ ስለ ሸሹት አንድ ነገር ልጨምር። ቶማስ ሃርዲ የሠለጠነ አርኪቴክት ነበር። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ለመርከበኞች የሚያበሩ ማማዎችን ከሚሠሩ የመሐንዲሶች ቤተሰብ ተወልዶ በኤዲንብራ ምሕንድስና ተማረ፤ በ1871 ስለ አዲስ ዓይነት ብልጭ ድርግም የሚል የማማ መብራት ባቀረበው ጽሑፍ የብር ሜዳይ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ለአባቱ መሐንዲስ አልሆንም አለ።

የ20ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ በአብዛኛው የእንግሊዞች ሥራ መሆኑ ቀረ። ኮንራድ ፖላንዳዊ ሲሆን እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነበር፤ በ1922 ሁሉን ያናወጡትን ሁለት መጻሕፍት ያወጡት ጆይስ አየርላንዳዊ፣ ኤልየት አሜሪካ ተወላጅ ነበሩ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 ባወጣው ልብ ወለድ እንግሊዝኛውን በኢግቦ ምሳሌያዊ አነጋገር አስታጠቀው። በ1986 ሾይንካ፣ በ2021 የዛንዚባር ተወላጁ ጉርና የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የኬንያው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ግን ወደ ሌላ መንገድ ሄደ። በተማሪ ቤት ጊኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ እንደ ነበር ጽፏል። በ1962 በማከሬሬ በተደረገው የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ጉባኤው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት ብቻ የተጠራ ነው። እርሱም በእንግሊዝኛ ጽፎ ታወቀ፤ መንግሥትም አልነካውም። በ1977 ከካሚሪቱ መንደር ሰዎች ጋር በጊኩዩ አንድ ተውኔት አዘጋጅቶ ገበሬውና የፋብሪካው ሠራተኛ ራሱ ሲጫወተው ግን ተውኔቱ ታገደ፤ ደራሲውም በዓመቱ መጨረሻ ቀን ያለ ፍርድ ታሰረ። በእስር ቤት በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ በ2025 እስኪያርፍ ድረስ ልብ ወለዱን በመጀመሪያ የሚጽፈው በዚሁ ቋንቋ ነበር። መጽሐፉ በ1980 ናይሮቢ ላይ ታተመ፤ ወደ እንግሊዝኛም ራሱ ንጉጊ ተርጉሞ በ1982 አወጣው።